ፊደሉ ተለውጦ ቦታው የጸና

አንዲት ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋ ከተቀመጠች ሦስት ቀን ሳይሞላ ከቅርፊቱ በታች አንዲት ቀይ ነጥብ መምታት ትጀምራለች። ልብ ናት። ጫጩቱ ገና ክንፍና እግር አላበቀለም፤ ልቡ ግን ሥራውን ይዟል። ተመጣጣኝ ዕድሜ ላይ ያለ የአይጥ ፅንስ ብንመለከትም የምናየው ያንኑ ነው፤ ቱቦ የመሰለችው ልብ ትታጠፋለች፣ ክፍሎቿ ይለያሉ፣ ደም መግፋት ትጀምራለች። ዶሮና አይጥ የሚጋሩት የመጨረሻ ቅድመ አያት የኖረው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተለያይተው ቢኖሩም ልባቸውን የሚሠሩባቸው ዋና ዋና ጂኖች እነዚያው ናቸው።

እዚህ ድረስ ያለው ቢያስገርምም አዲስ አይደለም። ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ጂን በራሱ ፈቃድ አይሠራም። መቼ፣ በየትኛው አካል፣ ምን ያህል እንዲሠራ የሚያዝዙት ከአጠገቡ፣ አንዳንዴም ከእሱ እጅግ ርቀው የተቀመጡ የዲኤንኤ ክፍሎች ናቸው። ተመራማሪዎች ኢንሃንሰር ይሏቸዋል፤ እኔ እዚህ ማብሪያ እላቸዋለሁ። ዲኤንኤ በአራት ዓይነት የኬሚካል ፊደላት የተጻፈ ነው፤ የዶሮንና የአይጥን የልብ ማብሪያዎች ፊደል በፊደል አስተያይቶ አቻ ለአቻ ለማጣመር የሚሞክር ሰው ከአሥሩ የአንዱን አቻ እንኳ በቅጡ አያገኝም። ታዲያ ጂኑ አንድ፣ ልቡም አንድ ሆኖ ትእዛዙ እንዴት ይለያያል?

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ ከበርሊን ሌላው ከባርሴሎና፣ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ ቀደም ያልነበረን መልስ ሰጥተዋል። መልሱን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የሰው ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤው ጠቅላላ ጽሑፍ፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች 20,000 ገደማ ሲሆኑ የፕሮቲኖቹ አሠራር የተጻፈበት ክፍል ከጠቅላላው 2 በመቶ አይበልጥም። አንድ ሚሊሜትር የምታህል፣ ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚያረቧት ትልም የጂኖቿ ብዛት 20,000 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር መጀመሪያ ሲታወቅ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነው፤ የሰውና የትል ልዩነት በጂን ብዛት እንደማይለካ ቁልጭ አድርጎ አሳይቷልና። ሜሪ-ክሌር ኪንግና አለን ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ነገሩን ገና በ1975 ጠርጥረውት ነበር። የሰውንና የቺምፓንዚን ፕሮቲኖች ሲያስተያዩ ከ99 በመቶ በላይ አንድ ሆነው አገኟቸው። እንግዲያው በሁለቱ መካከል ያለው የአካልና የጠባይ ልዩነት በአብዛኛው ከጂኖቹ አሠራር ትእዛዝ መምጣት አለበት ብለው ጻፉ። ማስረጃው ሳይሟላ የተሰነዘረ ግምት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ደጋፊው በዛ።

በ1995 በስዊዘርላንድ ባዝል የሚገኘው የዋልተር ጌህሪንግ ቤተ ሙከራ አንድ ነገር አደረገ። በአይጥ ውስጥ ዓይን እንዲበቅል የሚያዘውን ፓክስ6 የሚባል ጂን ወስዶ በፍራፍሬ ዝንብ እግርና ክንፍ ላይ እንዲሠራ አደረገው። ዝንቡ በእግሩ ላይ ዓይን አበቀለ። የበቀለው የአይጥ ዓይን ሳይሆን የዝንብ ዓይን ነው። ጂኑ «እዚህ ዓይን ይሠራ» ብሎ አዝዟል፤ እንዴት ያለ ዓይን እንደሚሠራ የወሰነው ግን የዝንቡ የራሱ ጂኖም ነው። በሰው ዘንድም የዚሁ ጂን ጉድለት ያለ አይሪስ፣ ማለትም ያለ ዓይን ቀለም ክብ፣ መወለድን ያስከትላል። ከራስ እስከ ጅራት የአካልን ቅደም ተከተል የሚደለድሉት ሆክስ የሚባሉት ጂኖችም እንዲሁ ናቸው። በዝንብ 8፣ በሰው ደግሞ በአራት ቡድን ተከፍለው 39 ናቸው፤ ዲኤንኤው በተጠቀለለበት ክር፣ በክሮሞሶሙ ላይ የተሰለፉበት ተራ አካሉ ከሚሠራበት ተራ ጋር ይገጥማል። ይህን ተራ በዝንብ ላይ ያስተዋለው ኤድዋርድ ሉዊስ በ1995 ከሁለት ባልደረቦች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

መሣሪያዎቹ የጋራ ከሆኑ ልዩነቱ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው ማለት ነው። የማብሪያን ጉልበት ለማሳየት ከእባብ እግር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለው ጂን በፅንስ ዘመን በብዙ አካላት ውስጥ ይሠራል፤ በአንጎል፣ በአከርካሪ፣ በእጅና በእግር። እጅና እግር ላይ እንዲሠራ የሚያዘው ማብሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ከጂኑ አንድ ሚሊዮን ፊደል ያህል ርቆ፣ በሌላ ጂን ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በዚህ ማብሪያ ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ብቻ በአውራ ጣት በኩል ትርፍ ጣት ይዞ ለመወለድ ይበቃል፤ በሰውም በድመትም ታይቷል። በ2016 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን ማብሪያ ከአይጥ ላይ አንሥተው የሌሎችን እንስሳት ተኩበት። የሰውን ሲተኩ እግሩ ደህና በቀለ። የዓሣም ሠራ። የዘንዶንና የእባብን ሲተኩ ግን አይጧ እጅና እግሯ ተቆርጦ የቀረ ጉማጅ ሆና ተወለደች። ከእባቡ ማብሪያ ላይ ጠፍተው የነበሩትን 17 ፊደላት መልሰው ሲያስገቡ እግሩ ተመለሰ። እባብ እግሩን ሲያጣ እግር የሚሠሩ ጂኖቹ አልጠፉም። ሌላም ሥራ ስላላቸው ሊጠፉ አይችሉም። የጠፋው ለእግር ብቻ የነበረው ትእዛዝ ነው።

ይህ ማብሪያ ከዓሣ እስከ ሰው ፊደሉ በግልጽ የሚታወቅ ስለሆነ ለመፈለግ ቀላል ነበር። ብዙዎች ሌሎቹም እንደዚያ ይሆናሉ ብለው ጠበቁ። በ2004 የሰው፣ የአይጥና የዐይጠ መጎጥ ጂኖም ሲነጻጸር ከ200 ፊደል የሚረዝሙ፣ በሦስቱም አንዲት ፊደል እንኳ ያልተለወጠባቸው 481 ክፍሎች ተገኙ። ብዙዎቹ ፕሮቲን አይሠሩም። ያለ ምክንያት ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ተጠብቀው ሊቆዩ አይችሉምና እነዚህ ቢነኩ እንስሳው አይኖርም ተባለ። በ2007 አራቱ ከአይጥ ላይ ተቆርጠው ወጡ፤ አይጦቹ ኖሩ፣ ወለዱም። ከዓመታት በኋላ በ2018 በጥንቃቄ ሲታይ የአንዳንዶቹ መጥፋት በአንጎል እድገት ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ ታወቀ። በቤተ ሙከራ ጎጆ ውስጥ የማይታይ ጉድለት በዱር፣ በትውልድ ብዛት ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል።

በተቃራኒው በ2015 የ20 አጥቢ እንስሳት ጉበት ጎን ለጎን ሲመረመር የተገኘው ሌላ ገጽታ ነበር። ጉበቱ በሁሉም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከጂኖቹ ደጃፍ ላይ ያሉት መነሻ ክፍሎችም በአብዛኛው ተጠብቀዋል። ማብሪያዎቹ ግን እጅግ ፈጥነው ይለወጣሉ፤ በሁሉም ዝርያዎች የሚገኙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ያልተለወጠው ክፍል ቢቆረጥ ሁልጊዜ በግልጽ አይጎዳም፤ የተለወጠው ክፍል ደግሞ ሥራውን አላስተጓጎለም። በፊደል መመሳሰል ብቻ የሚፈርድ ሰው በሁለቱም በኩል ይሳሳታል ማለት ነው።

የበርሊኑ ጥናት የገባው እዚህ ላይ ነው። ዘዴውን ለማስረዳት ከቤታችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበት የጸሎት መጽሐፍ ይኖራችሁ ይሆናል። ግእዝ የማያውቅ ሰው አንድ የግእዝ ቃል አይቶ የአማርኛ አቻውን ሊፈልግ ቢነሣ በፊደል መመሳሰል ብዙ ርቀት አይሄድም። ነገር ግን በሁለቱም ዓምዶች ሳይለወጡ የቆሙ ቃላት አሉ፤ ዳዊት፣ ጽዮን፣ ኢየሩሳሌም። በእነዚህ ስሞች መካከል ያለውን ቦታ ለክቶ፣ «ይህ ቃል ከጽዮን በኋላ፣ ከኢየሩሳሌም በፊት ነው» ብሎ በሌላው ዓምድ ያንኑ ቦታ ቢያይ አቻውን ያገኛል። በርቀት የተነሣ መስመሩ ከጠፋው ደግሞ በመካከል ያለ ሦስተኛ ትርጉም፣ የትግርኛውን ለምሳሌ፣ እንደ ድልድይ ይጠቀማል።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዶሮና በአይጥ ጂኖም ውስጥ ፊደላቸው ያልተለወጡ ክፍሎችን እንደ ችካል ተከሉ፤ በመካከል ያሉ ሌሎች እንስሳትን እንደ ድልድይ ተጠቀሙ፤ ከዚያ የአንዱን ማብሪያ ቦታ ወደ ሌላው ጂኖም አሻግረው «እዚህ ቦታ ላይ የሚሠራ ማብሪያ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። በፊደል ንጽጽር ከተገኘው እስከ አምስት እጥፍ የሚደርስ አቻ አገኙ። በቦታ ብቻ አቻ የሆኑትን የዶሮ ማብሪያዎች ወስደው በአይጥ ፅንስ ውስጥ ሲሞክሯቸውም ሠሩ። ለ300 ሚሊዮን ዓመታት ሳይተዋወቁ የኖሩ፣ ፊደላቸው የማይመሳሰል ትእዛዞች አንዱ በሌላው ቤት ገብቶ ልብን አዘዘ። ስለዚህ ሙከራ ሳስብ አሁንም ያስደንቀኛል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ማብሪያ ማለት የተለያዩ ፕሮቲኖች የሚቀመጡባቸው አጫጭር መቀመጫዎች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ፊደል ቢሆን ነው። አንዱ መቀመጫ ሲበላሽ ሌላ በአጠገቡ በአጋጣሚ ይፈጠራል፤ የቀድሞው ወደ ቀኝ፣ አዲሱ ወደ ግራ ይሆናል። በርበሬ የምታዘጋጅ እናት ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙዱ በፊት ብትጨምር ወይም በኋላ፣ ከተደለዘ በኋላ በርበሬው በርበሬ ነው። ሁሉም መግባቱ እንጂ ተራው ያን ያህል አይደለም። ጥናቱም ያሳየው ይኸው ነው፦ በቦታ ብቻ አቻ የሆኑት ማብሪያዎች መቀመጫዎቻቸው እጅግ ተዘበራርቀዋል፣ ይዘታቸው ግን ተመሳሳይ ነው።

ይህን ሐሳብ ይዘው በጣም ርቀው የሄዱ ተመራማሪዎች ደግሞ አሉ። በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ የሚኖር ስፖንጅ የሚባል አንድ እንስሳ ነርቭ የለውም፣ ጡንቻም የለውም፣ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ውሃ እያጣራ ይኖራል። በ2020 የወጣ ጥናት ከዚህ ስፖንጅ የተወሰዱ ማብሪያዎች ዜብራፊሽ በተባለች ትንሽ ዓሣና በአይጥ ፅንስ ውስጥ ሲገቡ በተወሰኑ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ በሥርዓት ሲሠሩ አሳይቷል። ስፖንጁ ከእኛ የተለየው ከ700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ፊደሉም ከየትኛውም የጀርባ አጥንት ካለው እንስሳ ፊደል ጋር አይገጥምም። ተመራማሪዎቹ ያንን ክፍል ለመፈለግ የተነሡት ሁለት ጂኖች በስፖንጅም በሰውም ጎረቤታሞች ሆነው ስላገኟቸው ነው። ቦታው ነው የመራቸው።

ጉርብትናው ራሱ እንዴት ይጠበቃል የሚለው ሌላ ታሪክ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲኤንኤ ታጥፎ ተቀምጧል። አተጣጠፉ እንደ ደረሰ አይደለም። በ2012 እንደታየው በአማካይ አንድ ሚሊዮን ፊደል በሚጠጋ ክልል ተከፋፍሏል፤ በአንድ ክልል ውስጥ ያሉ ጂኖችና ማብሪያዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከአጥር ውጭ ካሉት ጋር ግን እምብዛም አይነካኩም። በአይጥና በሰው ብዙዎቹ አጥሮች የሚገኙት ያው ቦታ ላይ ነው። አጥሩን የሚያቆመው ዋናው ፕሮቲን ሲቲሲኤፍ ይባላል። አጥር ሲፈርስ የሚሆነውን በ2015 አይተናል፦ በአንዳንድ ቤተሰቦች በትውልድ የሚወርድ የጣት ጉድለት ምክንያቱ ሲፈለግ ጂኖቹ ሁሉ ደህና ሆነው ተገኙ። የተሰበረው በመካከላቸው ያለው ወሰን ነበር። ወሰኑ ሲጠፋ የአንዱ ማብሪያ ተሻግሮ የጎረቤቱን ጂን ያለ ጊዜው አዘዘ። በአይጥ ላይ ያንኑ ወሰን ሲያፈርሱ ያው የጣት ችግር መጣ።

የባርሴሎናው የ2025 ጥናት የጠየቀው ይህ መታጠፍ መቼ እንደ ጀመረ ነው። የጄሊፊሽ ዘመዶችን፣ ኮምብ ጄሊ የሚባሉትን ብርሃን የሚያንጸባርቁ የባሕር እንስሳትና የእንስሳት የቅርብ ዘመድ የሆኑ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትን አስተያየ። ርቆ ያለን ማብሪያ ወደ ጂኑ የሚያመጡት የዲኤንኤ ቀለበቶች በባለ አንድ ሕዋሶቹ ውስጥ አልተገኙም፤ በኮምብ ጄሊ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። ኮምብ ጄሊ ሲቲሲኤፍ የለውም። ቀለበቱን የሚሠራው በራሱ ሌላ ፕሮቲን ነው። እዚህም ያው ነገር ተደገመ፦ ሠራተኛው ሌላ፣ ሥራው ያው። አካል በብዙ ዓይነት ሕዋሳት ሲገነባ አንዱን ጂኖም በልዩ ልዩ መንገድ የማንበብ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ዘዴውም ከእንስሳት መነሻ ጀምሮ የነበረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «አቀማመጥ ሁሉን ይወስናል» ማለት ስሕተት ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ሙንትጃክ የሚባሉት የእስያ አጋዘኖች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ናቸው። የቻይናው 46 ክሮሞሶም ሲኖረው የሕንዱ ሴት 6፣ ወንድ 7 ብቻ አላቸው። ክሮሞሶሞቹ ተገጣጥመው ከስድስት ጥቅል ገቡ እንጂ እንስሶቹ ሲታዩ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።  በ2019 ክሮሞሶማቸው ክፉኛ የተገለባበጡ የፍራፍሬ ዝንቦች ሲመረመሩ ሥራቸው የተለወጠው ጂኖች ከተጠበቀው እጅግ ያነሱ ነበሩ። የእኔ ግምት አጥሩ ሁሉ እኩል ክብደት የለውም የሚል ነው። አንዳንዱ ግድግዳ ቤቱን ተሸክሞ የቆመ ነው፣ አንዳንዱ ክፍል ለመለየት ብቻ የተሠራ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ እየነኩ ማየት ግድ ይላል።

ይህ ሁሉ ለሕክምና ምን ይጠቅማል ለሚል ጠያቂ መልሱ ቅርብ ነው። ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመምና ከመሳሰሉት ጋር የተያያዙት የዘረመል ልዩነቶች አብዛኞቹ የሚገኙት ከጂኖች ውጭ ነው። በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተፈቀደው ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚወርድ የደም በሽታ ሕክምናም የሚቆርጠው ጂን ሳይሆን ቢሲኤል11ኤ የተባለው ጂን በቀይ የደም ሕዋሳት ዘር ውስጥ የሚሠራበትን ማብሪያ ነው። ጂኑ በሌላው አካል ሥራውን ይቀጥላል፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ዘር ውስጥ ብቻ ይዳከማል፤ ሲዳከምም የፅንስ ዘመን ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ተመልሶ ይመረታል።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ምሳሌ ግን ወተት ነው። ጥጃ፣ ግልገል፣ የድመት ግልገል፣ ሁሉም ጡት ሲጥሉ የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ ማምረት ያቆማሉ። ይህ በአጥቢ እንስሳት ዘንድ የጸና ሥርዓት ነው። ከሰው መካከል ግን ከብት ወይም ግመል ያረቡ ሕዝቦች በዚህ ጂን ማብሪያ ላይ በደረሰ ለውጥ ላክቴዙ ሳይጠፋ እስከ እርጅና ይሠራላቸዋል። በአውሮፓውያን ዘንድ ለውጡ አንድ ነው፤ ከጂኑ መነሻ 13,910 ፊደል ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚገኝ። በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን በ13,907፣ በ13,915፣ በ14,009ና በ14,010ኛው ፊደል ላይ የደረሱ ሌሎች ለውጦች በምሥራቅ አፍሪካ ተገኝተዋል፤ በ13,915 ያለውን ግመል አርቢ ከሆኑት የዓረብ አገር ሕዝቦች ጋር እንጋራዋለን። በ2013 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ብዙዎቹ ጎን ለጎን መኖራቸውን አሳይቷል። ሁሉም የሚገኙት መቶ ፊደል ገደማ በሆነ ጠባብ ክልል ውስጥ፣ በዚያው በአንድ ማብሪያ ላይ ነው። የዶሮና የአይጥ ልብ በ300 ሚሊዮን ዓመት ያሳየንን በእኛው ሰዎች ላይ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ እናየዋለን፦ ፊደሉ ልዩ ልዩ፣ ቦታው አንድ፣ ሥራው አንድ።

ይህን የማያውቅ ምርመራ ሰውን ያሳስታል። በአውሮፓ በስፋት የሚሠራበት የላክቶስ (የወተት ስኳር) የዘረመል ምርመራ የሚያነበው ያቺኑ 13,910ኛዋን ፊደል ነው። በግመል ወተት ያደገ፣ አሁን በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር የአፋር ወይም የሶማሌ ልጅ ሆዱን አሞት ቢመረመር ወረቀቱ «ወተት አይስማማህም» ሊለው ይችላል፤ እሱም የሚስማማውን ትቶ፣ የሕመሙ እውነተኛ ምክንያት ሳይፈለግ ይቀራል። ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ሐኪሙን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ የተነበበው አንዷ ፊደል ብቻ ናት ወይስ አካባቢዋ በሙሉ? ያንን የመቶ ፊደል ክልል ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አንዷን ብቻ ከማንበብ ብዙም የማይከብድ ሥራ ነው።